ቍጥር ሁሉ ምስክር ይኑረው

አንድ መዶሻ በ435 ዶላር ተገዛ ብትባሉ፤ አንባብያን ሆይ፤ ምን ትላላችሁ? «ሌብነት ነው» ትላላችሁ። አሜሪካኖችም ያሉት ይህንኑ ነው። ዘመኑ የ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከአንድ ኮንትራክተር ከገዛቸው ዕቃዎች መካከል አንድ ተራ መዶሻ 435 ዶላር ተብሎ በዝርዝሩ ላይ ተጽፎ ተገኘ። ጋዜጠኛው ጻፈበት፤ የምክር ቤቱ አባል ተናገረበት፤ ቀልደኛውም ቀለደበት። ከዚያ ወዲህ የሕዝብ ገንዘብ ባከነ በተባለ ጊዜ ሁሉ የዚያ መዶሻ ስም ይነሣል።

ነገሩ ቆይቶ ሲብራራ ግን የታሪኩ መልክ ተለወጠ። መዶሻው ለብቻው አልተገዛም፤ ብዙ ዓይነት መለዋወጫ ዕቃ ባንድ ላይ በተገዛ ጊዜ አብሮ የገባ ነው። ኮንትራክተሩ ለዕቃዎቹ በጠቅላላው ያወጣው የመሐንዲሶችና የጥናት ወጪ ነበረው። ይህንንም የጋራ ወጪ ለያንዳንዱ የዕቃ ዓይነት እኩል እኩል አካፈለው። ብዙ ጥበብ የፈሰሰበት መሣሪያም 420 ዶላር ደረሰው፤ መዶሻውም 420 ዶላር ደረሰው። በዚህ ዓይነት 15 ዶላር የነበረው መዶሻ 435 ዶላር ሆነ። መንግሥት በጠቅላላው የከፈለው ገንዘብ በዚህ አከፋፈል ምክንያት አልጨመረም። የተዛባው የያንዳንዱ ዕቃ ዋጋ ነው።

ይህን ለመረዳት ባሕር መሻገር አያስፈልግም። በዓል ሲደርስ ጎረቤታሞች ቅርጫ ገቡ እንበል። አንዱ ሁለት መደብ፤ ሌላው አንድ መደብ፤ አቅሙ ያነሰው ደግሞ ግማሽ መደብ ወሰደ። ለአራጁና በሬውን ላመጣው መኪና የሚከፈለው ግን «በሰው ልክ እኩል ይዋጣ» ተባለ። ግማሽ መደብ የወሰደው ሰው የበላው ሥጋ ከሁሉ የተወደደ ይሆናል። በሬው ከዋጋው በላይ አልተገዛም፤ ከመካከላቸውም የሰረቀ የለም። ነገር ግን ያ ሰው ቤቱ ገብቶ ሒሳቡን ሲያሰላ «ተበላሁ» ማለቱ አይቀርም። አከፋፈሉን የወሰነው ሰው ለምን እንዲህ እንዳደረገ ጽፎ ካላስቀመጠ ደግሞ የሚመልስለት አያገኝም።

እንግዲህ የዛሬው ጽሑፌ ጥያቄ ይህ ነው፤ ለመንግሥት የሚሠራ ድርጅት የገንዘብ ዕቅዱን እንዴት አድርጎ ቢያዘጋጅ ነው መርማሪ በመጣ ጊዜ መልስ የሚያገኘው? ጉዳዩ የሒሳብ ሠራተኞች ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በዚህ ሥራ የሚንቀሳቀሰው ገንዘብ ግብር ከፋዩ ከጉሮሮው ቀንሶ ያዋጣው ነው። ደግሞም መዝገብ የሚያስፈልገው ሌባውን ለመያዝ ብቻ አይምሰለን። ሌባውማ መዝገብ ባይኖር ደስታው ነው። በመዝገብ ጕድለት የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ በቅን ልብ ሠርቶ መሥራቱን ማስረዳት ያቃተው ሰው ነው።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው ክፉ ተረት የኛ ነው፤ ግብሩ ግን በየአገሩ አለ። አሜሪካኖች ከ1861 እስከ 1865 እርስ በርሳቸው ሲዋጉ ለወታደሩ የማይረባ ልብስና የተበላሸ ስንቅ እየሸጡ የከበሩ ነጋዴዎች ነበሩ። በዚህም ምክንያት በ1863 መንግሥትን በሐሰት ገንዘብ የጠየቀ ሁሉ እንዲከሰስ የሚያደርግ ሕግ ወጣ፤ ሕጉም ተሻሽሎ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ሌላ ችግር ታየ። ለብዙ ኮንትራክተሮች ትርፍ የሚታሰበው ባወጡት ወጪ ላይ በመቶ እየተሰላ ነበር። ከመቶው አሥር ተብሎ ከተዋዋለ፤ 100 ዶላር ያወጣው 10 ዶላር ያተርፋል፤ 200 ዶላር ያወጣው 20 ዶላር ያተርፋል። ታዲያ እንዲህ ባለ ውል ቈጣቢ ለመሆን የሚተጋ ማን ነው? በ1941 የወጣው የጦርነት ጊዜ ሕግ ይህን ዓይነት ውል ከለከለ። በዚያው ዓመት በኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት ሴናተር ሃሪ ትሩማን የጦርነቱን ወጪ የሚመረምር ኮሚቴ ይመሩ ጀመር። በ1962 በዋጋ ድርድር ጊዜ ኮንትራክተሩ እውነተኛውን የወጪ ማስረጃ እንዲያቀርብ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። በ1965 የመከላከያ ኮንትራቶችን ሒሳብ የሚመረምር አንድ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። በ1970 ደግሞ የወጪ አመዘጋገብ ደንብ የሚያወጣ ቦርድ በሕግ ተመሠረተ። እነዚህ ሕጎች ሁሉ አንዳንድ ጕዳት ከደረሰ በኋላ የመጡ ናቸው።

ምናልባት «መንግሥት ዋጋውን አስቀድሞ ቈርጦ ለምን አይገዛም?» የሚል ይኖራል። ጠረጴዛና ወንበር ሲሆን እንዲሁ ያደርጋል። ነገር ግን ማንም ሠርቶት የማያውቀውን አዲስ መሣሪያ ዋጋው ይህን ያህል ነው ብሎ አስቀድሞ መናገር የሚችል የለም። ስለዚህ መንግሥት «ለሥራው በአግባቡ ያወጣኸውን እተካልሃለሁ፤ ለድካምህም የተወሰነ ክፍያ እጨምርልሃለሁ» ብሎ ይዋዋላል። ይህ ውል ከተፈረመ ጀምሮ የኮንትራክተሩ መዝገብ የዋጋው ምንጭ ሆነ ማለት ነው። ገዢው የሻጩን መዝገብ ገልጦ ማየቱም አያስደንቅም።

ወጪውም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በቀጥታ ለአንድ ኮንትራት የሚውል ነው፤ ለምሳሌ በዚያ ሥራ ላይ የተሰማራው መሐንዲስ ደመወዝ። ሁለተኛው የጋራ ወጪ ነው፤ የቤት ኪራይ፣ መብራት፣ የሥራ አስኪያጁና የጸሐፊው ደመወዝ። ጭንቀቱ ሁሉ ያለው በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው። በምሳሌ እናስላው።

አንድ ድርጅት በዓመቱ መጀመሪያ «ዘንድሮ ለቀጥታ ሠራተኞቼ 1,000,000 ዶላር ደመወዝ እከፍላለሁ፤ የጋራ ወጪዬም 400,000 ዶላር ይሆናል» ብሎ አቀደ እንበል። ይህም ማለት በያንዳንዱ የ1 ዶላር ደመወዝ ላይ 40 ሳንቲም የጋራ ወጪ ይጨመራል ማለት ነው። በሰዓት 30 ዶላር የሚከፈለው ሠራተኛ፤ ትርፍ ሳይታሰብ፤ ለመንግሥት በ42 ዶላር ይቀርባል። በመካከሉ አንድ ኮንትራት ተቋረጠና የቀጥታው ደመወዝ ወደ 800,000 ዶላር ወረደ። የቤት ኪራዩ ግን አልወረደም፤ ሥራ አስኪያጁም ደመወዙን አልቀነሰም። የጋራ ወጪው ያው 400,000 ዶላር ነው። አሁን በ1 ዶላር ላይ የሚጨመረው 50 ሳንቲም ሆነ፤ የዚያም ሠራተኛ ሰዓት 45 ዶላር ገባ። ሠራተኛው ያው ነው፤ ሥራውም ያው ነው፤ ዋጋው ግን ሌላ ነው።

ደግሞ በተቃራኒው እንየው። ሥራ በዝቶ የቀጥታው ደመወዝ 1,250,000 ዶላር ደረሰ፤ የጋራ ወጪው ግን አልጨመረም እንበል። እውነተኛው መጠን 32 ሳንቲም ብቻ ነው። ድርጅቱ ግን ዓመቱን ሙሉ በዕቅዱ መሠረት 40 ሳንቲም ሲያስከፍል ከርሟል። ስለዚህ 100,000 ዶላር አለአግባብ ተቀብሏል። ደንቡም ዓመቱ ካለቀ በኋላ በስድስት ወር ውስጥ እውነተኛው ወጪ ተጣርቶ እንዲቀርብና ልዩነቱ እንዲታረም ያዝዛል። ሥራ በዛልኝ ብሎ ተደስቶ ገንዘቡን ለአዳዲስ ሠራተኞች የበተነው ባለድርጅት «100,000 ዶላር መልስ» ሲባል ከየት ያመጣል? አንዳች ነገር ሳይሰርቅ ባለዕዳ ሆነ። ዕቅዱን በየወሩ ከመዝገቡ ጋር እያስተያየ ቢሆን ኖሮ መጠኑ ዝቅ ሊል እንደ ሆነ በሦስተኛው ወር ያየው ነበር፤ መንግሥትንም አስፈቅዶ ያስተካክል ነበር።

የዕቅድን ጥቅም ከተረዳን ዘንድ፤ ሊመረመር የሚችል ዕቅድ ምን ምን ሊኖረው እንደሚገባ በተራ ልዘርዝር።

አንደኛ፤ ቍጥር ሁሉ ምንጭ ይኑረው። «የቤት ኪራይ 60,000 ዶላር» ተብሎ ከተጻፈ የኪራዩ ውል በየትኛው መዝገብ እንደሚገኝ፤ ማን እንደ ጻፈውና በስንት ቀን እንደ ጻፈው አብሮ ይታይ። ባለቤት የሌለው ቍጥር ባለቤት እንደሌለው ከብት ነው፤ ማንም ይነዳዋል።

ሁለተኛ፤ ግምት ከሥሌት ተለይቶ ይቀመጥ። «ደመወዝ በሚመጣው ዓመት ከመቶ ሦስት ይጨምራል» የሚለው ግምት ነው። ግምት መገመት ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን ግምቱ በሥሌቱ ሆድ ውስጥ ከተቀበረ፤ የሚያነበው ሰው የታወቀውን ከተገመተው መለየት አይችልም። በአንድ ገጽ ላይ ተለይቶ፤ ምክንያቱም ተጽፎበት ይኑር።

ሦስተኛ፤ ዕቅድ ይለወጥ እንጂ አይፋቅ። በአገራችን ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ዋጋ እንደሌለው ሁሉም ያውቃል። በጥንቱ መዝገብ የተሳሳተ ቍጥር በአንድ መስመር ይሰረዝና፤ ከሥሩ እንዲነበብ ተትቶ፤ ትክክለኛው ከላይ ተጽፎ ይፈረምበታል። የኮምፒዩተር ዕቅድም እንዲሁ ሊሆን ይገባል። የጥር ዕቅድ እንደ ተዘጋ ይቈይ፤ የሰኔው ዕቅድ በአዲስ ስም ይምጣ፤ በሁለቱ መካከል ምን እንደ ተለወጠ፤ ማን እንደ ለወጠው፤ ማንስ እንደ ፈቀደ ይጻፍ።

አራተኛ፤ ዕቅዱና የሒሳብ መዝገቡ ባንድ ቋንቋ ይናገሩ። ዕቅዱ «የጽሕፈት ቤት ወጪ» ያለውን መዝገቡ በሦስት ስም ከከፋፈለው፤ የታቀደውን ከተደረገው ጋር ማስተያየት አይቻልም።

አምስተኛ፤ መንግሥት የማይከፍለው ወጪ ከመጀመሪያው ይለይ። በአሜሪካ ደንብ መሠረት የአልኮል መጠጥ፣ የመዝናኛ፣ የሕግ መተላለፍ ቅጣትና ባለሥልጣንን ለማግባባት የሚወጣ ገንዘብ ለመንግሥት አይቈጠርም። ባለድርጅቱ እንግዳውን ውስኪ ቢጋብዝ መብቱ ነው፤ ግን ከራሱ ትርፍ ይክፈል። ውስኪው በጋራ ወጪ ውስጥ ገብቶ በየሠራተኛው ሰዓት ላይ ከተበተነ በኋላ ለቅሞ ማውጣት ጤፍ ከአሸዋ እንደ መልቀም ነው። ስለዚህ ደረሰኙ በገባበት ዕለት ይለይ።

ስድስተኛ፤ አዘጋጁና አጽዳቂው አንድ ሰው አይሁኑ። ይህ አለመተማመን አይደለም። ሁለት ዓይን ካንድ ዓይን ይልቅ ያያል፤ ነገር ቢበላሽም ጥፋቱ ባንድ ምስኪን ጸሐፊ ላይ ብቻ እንዳይላከክ ይረዳል።

የነዚህ ሁሉ መሠረት ግን ሠራተኛው የዋለበትን ሰዓት የሚመዘግብባት ትንሽ ገጽ ናት። ማን፤ በየትኛው ኮንትራት፤ ስንት ሰዓት እንደ ሠራ በያለቱ ሠራተኛው ራሱ ይሞላል፤ አለቃውም ያጸድቃል። ወር ሲያልቅ በትዝታ የተሞላ ገጽ ምስክርነቱ ደካማ ነው። መርማሪዎችም አንዳንድ ጊዜ ሳይጠሩ ወደ ሥራው ቦታ ይመጡና ሠራተኛውን «ዛሬ የምትሠራው ምንድን ነው? የየትኛው ኮንትራት ነው?» ብለው ይጠይቁታል፤ መልሱንም ከመዝገቡ ጋር ያስተያዩታል።

ፈተናውም የሚመጣው በዚህ ቦታ ነው። ከኮንትራቶቹ የአንዱ ገንዘብ አለቀ፤ የሌላው ገና ብዙ ቀርቶታል። አለቃ ወደ ሠራተኛው ጠጋ ብሎ «ዛሬ የሠራኸውን በዚያኛው ላይ ጻፈው፤ ያው ሁሉም የመንግሥት ነው» ይለዋል። ቃሉ ቀላል ነው። ነገሩ ግን በዚያ አገር ሕግ መንግሥትን በሐሰት መጠየቅ ነው፤ ለፍርድ ቤት ያደርሳል። በዋሽንግተን ከተማ ዙሪያ፤ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ፤ ለመንግሥት የሚሠሩ ኮንትራክተሮች ብዙ ናቸው፤ የአገራችንም ልጆች በዚያ አካባቢ በብዛት ይኖራሉ፤ ከነዚሁ ድርጅቶች እንጀራ የሚበሉም አሉ። ይህን ጽሑፍ ከነርሱ አንዱ ቢያነበው አንድ ነገር ልለው እወዳለሁ። ወንድሜ ሆይ፤ እኅቴ ሆይ፤ በዚያች ትንሽ ገጽ ላይ ያለው ፊርማ የአለቃ አይደለም፤ የራስህ ነው፤ የራስሽ ነው። ጭንቅ በመጣ ጊዜ «ታዝዤ ነው» ማለት ከተጠያቂነት ለመዳን የሚበቃ አይሆንም።

እኔ አስተማሪ ነኝና በየቀኑ የማየውን ልናገር። ተማሪ የሒሳብ ጥያቄ ተሰጥቶት መልሱን ብቻ ጽፎ ሲያመጣ፤ መልሱ ትክክል ቢሆንም እንኳ፤ «አሠራሩን አሳየኝ» እለዋለሁ። አሠራሩን ያሳየ ልጅ ቢሳሳት የተሳሳተበትን መሥመር አይተን እናርመዋለን። መልሱን ብቻ ያመጣውን ግን፤ ሠርቶት ይሁን ከጎረቤቱ ቀድቶት፤ ልናውቅ አንችልም። የኮንትራክተር ዕቅድም ከዚህ የተለየ አይደለም። ኤክሰልን የመሰለው የኮምፒዩተር ሠንጠረዥ ሥሌቱን ያፋጥናል፤ ነገር ግን አንድ ሰው በሥሌቱ ቦታ ላይ በእጁ ቍጥር ጽፎ ቢያልፍ ሠንጠረዡ አይጮኽም። ገጹ ያምራል፤ ድምሩም ይገጥማል፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው።

ስለዚህ የድርጅቱ ሰዎች መርማሪ ሳይመጣ ራሳቸውን የሚፈትኑበት ቀላል ዘዴ አለ። ከዕቅዱ መጨረሻ ገጽ አንድ ቍጥር ይምረጡና ወደ ኋላ እየተከተሉ እስከ መጀመሪያው ሰነድ ድረስ ይሂዱ። ቀጥሎ ደግሞ ከሰነዱ ሣጥን አንድ ደረሰኝ ያንሡና ወደ ፊት እየተከተሉ በየትኛው ድምር ውስጥ እንደ ገባ ይፈልጉ። የመጀመሪያው ጕዞ በዕቅዱ ላይ የሌለ ነገር እንዳልተጨመረ ያሳያል፤ ሁለተኛው ጕዞ የነበረ ነገር እንዳልተረሳ ያሳያል። መንገዱ በመካከል ቢቈረጥና «እርሱን የሚያውቀው እገሌ ነበር፤ እርሱም ሥራ ለቋል» የሚል መልስ ቢመጣ፤ ድርጅቱ ያለው ወሬ እንጂ መዝገብ አይደለም። በጠቅላላው ደንብ እነዚህ ሰነዶች የመጨረሻው ክፍያ ከተፈጸመ በኋላ ሦስት ዓመት መቈየት አለባቸው፤ ኮንትራቱም ራሱ ብዙ ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ ሰው ግን ይሄዳል፤ ይታመማል፤ ይሞታል።

ይህ ሁሉ ድካም የለበትም አልልም። ብዙ ባለድርጅቶች «ወረቀቱ ሥራውን በላው» እያሉ ያማርራሉ፤ ከመንግሥት ጋር መዋዋሉን ጨርሰው የተዉም አሉ። ቅሬታቸውም ባዶ አይደለም። ለዚሁም ሲባል ትንንሽ ድርጅቶች ከወጪ አመዘጋገብ ቦርዱ ደንቦች ነፃ ተደርገዋል። በውድድር ዋጋው ተቈርጦ ለሚሸጥ የገበያ ዕቃም ይህን ያህል ምርመራ አይጠየቅም። የአሥር ሠራተኞች ድርጅት የአሥር ሺህ ሠራተኞችን መዝገብ ልሸከም ቢል ይወድቃል፤ ስድስቱንም ነገሮች በአንድ ደህና ሠንጠረዥና በአንድ የሰነድ ሣጥን ሊፈጽማቸው ይችላል። ደግሞም መዝገብ ጥበብን አይተካም፤ በሚገባ የተመዘገበ ሞኝ ዕቅድ ያው ሞኝ ዕቅድ ነው። ጥቅሙ ሞኝነቱ የት ላይ እንደ ሆነ በጊዜ መታየቱ ነው።

ጠያቂው መንግሥት ራሱ ይህን ፈተና ያልፋልን? የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር መላው ሒሳቡ መመርመር የጀመረው በ2018 ነው። ከዚያ እስከ 2024 ድረስ በሰባት ተከታታይ ምርመራ መርማሪዎቹ በጠቅላላው ሒሳብ ላይ የምስክርነት ቃል ለመስጠት የሚያበቃ ማስረጃ አላገኘንም ብለዋል። ከኮንትራክተሩ የያንዳንዱን ሰዓት መዝገብ የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት የራሱን ንብረት ቈጥሮ ማስረከብ አልቻለም። ሆኖም ውጤቱን ያወቅነው ለሕዝብ ስለ ተገለጠ ነው፤ ይህም ራሱ ትልቅ ነገር ነው። የሌላውን መዝገብ የሚገልጥ እጅ የራሱንም ለመግለጥ ዝግጁ ሊሆን ይገባዋል።

አንባብያን ሆይ፤ ብዙዎቻችን ለመንግሥት መርከብ ወይም አውሮፕላን አንሠራም። ነገር ግን በዕድር፤ በትምህርት ቤት ኮሚቴ፤ በቀበሌም ሆነ በመሥሪያ ቤት የሰው ገንዘብ በእጃችን የሚገባበት፤ ወይም የኛ ገንዘብ በሰው እጅ የሚገባበት ቀን ይመጣል። በዚያን ጊዜ ዕቅድ ሲነበብላችሁ ከማጨብጨባችሁ በፊት አንድ ቍጥር መርጣችሁ «ይህ ከየት መጣ?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ። ተጠያቂው ቢቈጣና «አታምኑኝምን?» ቢል ተጠንቀቁ። መዝገቡን ገልጦ ገጹን ቢያሳያችሁ ግን አመስግኑት፤ አደራ የሚያውቅ ሰው ነው። እናንተም በተራችሁ ስትጠየቁ እንዳታፍሩ የዛሬውን ደረሰኝ ዛሬውኑ በቦታው አስቀምጡት።